ጉልበቱ በሰው፣ ጥቅሙ በጥማድ

«ማኅበረሰቡ ራሱ ወስኖ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ተጠቀመ።» የገጠር ልማት ዜና የሚከታተል ሰው ይህን አባባል በቃሉ ይዞታል። ስብሰባ ላይ ይነገራል፣ ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣ ፕሮጀክት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ መንገድ ዳር ይቆማል። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ቦታ እውነትም ተሠርቷል። ግን ሦስቱ «ራሱ» አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ይወስናል፣ ሌላው ይቆፍራል፣ ሦስተኛው ያጭዳል። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ከየት መጣ? ድሮ የገጠር ልማት ከላይ ነበር የሚመጣው። አዲስ አበባ ይታቀዳል፣ ወረዳ ይወርዳል፣ ገበሬው ይታዘዛል። ያ መንገድ ብዙ ገንዘብ በልቶ ብዙም አልሠራም። ስለዚህ ዓለም ባንክም፣ መንግሥታትም፣ ረጂ ድርጅቶችም «ነዋሪው ራሱ ይወስን» ወደሚለው ዞሩ። አመክንዮው ጥሩ ነው። የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ ጎረቤት ያውቃል እንጂ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አያውቅም። ችግሩ ጎረቤት ሁሉ እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። አንድ ጎጥ ውስጥ ጥንድ በሬ ያለው አለ፣ አንድ በሬ ይዞ ከሌላው ጋር የሚቀናጅ አለ፣ ምንም የሌለው አለ። መሬት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ሲናገር ሁሉ ጸጥ የሚልለት አለ፣ ከነጭራሹ ስብሰባው የማይነገረው አለ።

ነገሩን በእርከን ሥራ እንየው፣ ምክንያቱም ሒሳቡ እዚያ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

የተፋሰስ ልማት ዘመቻን የማያውቅ የለም። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ተራራ ይከለላል። ክፍያ የለም፣ ነጻ ጉልበት ነው። ቀኑ እንደየቦታውና እንደየዓመቱ ይለያያል፣ ከ20 ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ወር የሚደርስበት ጊዜ አለ። ትግራይ ውስጥ ከማንም ቀድሞ ሥር የሰደደ ነገር ነው፣ ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። ውጤቱንም አይተናል። ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአፅብሃ ድርቅ ያራቆታት ቀበሌ ነበረች። ተራራዋን ከልላ፣ ውኃዋን ይዛ፣ ጉድጓዶቿ ሞልተው፣ በ2004 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳተር ሽልማት አሸነፈች። ይህን ማንም ሊክድ አይችልም።

አሁን አንድ ተዳፋት እናስብ። ሦስት ቤት አለ እንበል። የመጀመሪያው ሰውዬ ስምንት ጥማድ መሬት አለው፣ ማለትም ወደ ሁለት ሄክታር። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ሁለት ጥማድ አላት፣ በሬ ግን የላትም። ሦስተኛው ወጣት ነው፣ አግብቷል፣ መሬት የለውም። ዘመቻው ሲጠራ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፦ ከየቤቱ የደረሰ ጉልበት ይውጣ። ሦስቱም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሠሩ እንበል። እርከኑ አለቀ፣ ክረምት መጣ፣ አፈሩ ተያዘ። የማን አፈር? ስምንት ጥማድ ያለው ሰው ስምንቱም ጥማድ ተይዞለታል። ሴትየዋ ሁለቱ ጥማድ ተይዞላታል፣ ግን በሬ ስለሌላት መሬቱን ለእኩል ሰጥታዋለች፣ ስለዚህ ከጨመረው ምርት ግማሹ የአራሹ ነው። ወጣቱ ተመሰገነ።

የርዕሱ ነገር ይሄ ነው። መዋጮው በሰው ይቆጠራል፣ ትርፉ በመሬት ስፋት ይከፈላል። ማንም ክፉ ሰው ተቀምጦ ያሴረው ነገር አይደለም። ሁሉም እኩል ይሥራ የሚለው ሕግ በራሱ ፍትሐዊ ስለሚመስል ነው ማንም የማይጠይቀው።

ቅጣቱ ደግሞ አለ። አብዛኛው ቦታ መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሦስት ጎረምሳ ያለበት ቤት አንዱን ይልካል፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ግን እሷ ከወጣች ቤቱ ይዘጋል፣ ካልወጣች ትቀጣለች። ደንቡ ሲጸድቅ እጅ የወጣው በሙሉ ድምፅ ነበር ይባላል። እሷ ያን ዕለት እዚያ ነበረች ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስለ ወጣቱ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በጣም የተድበሰበሰ ነው። አማራ ክልል ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ወላጆቹ ካላወረሱት ወይም ካላካፈሉት መሬት አያገኝም። ግን አሁንም «ወጣት» ነው የሚባለው፣ ስብሰባ ላይም ከአባቱ ኋላ ነው የሚቀመጠው። የትግራይና የአማራ ቀበሌዎች አንድ ጥሩ መላ ዘይደዋል፦ የተከለለውን ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር እያደራጁ መስጠት። ንብ ያንባሉ፣ ሣር አጭደው ይሸጣሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ። ይሄ ሒሳቡን የሚያስተካክል እርምጃ ነው፣ ለቆፈረው ሰው ከቆፈረው ነገር ድርሻ ይሰጠዋል። ችግሩ ማኅበሩ ውስጥ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው። ቀበሌ ሰው ያለው ቶሎ ይሰማል፣ ቶሎ ይመዘገባል።

መከለሉ ራሱም የሚጎዳው ሰው አለ። ተራራው ሲዘጋ ከብት ያለው ሰው ሣር አጭዶ ይወስዳል፣ አቅም ስላለው ይችላል። እንጨት ለቅማ ገበያ አውጥታ ጨውና ቡና የምትገዛው ሴት ግን ገቢዋ በአንድ ቀን ተዘጋ። በሪፖርት ላይ ግን «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደረገ» ይባላል። ያ ሰው እሷ ናት።

አንዳንዱ ደግሞ «እኛ እኮ ደቦ አለን፣ ወንፈል አለን፣ ድሮም እንረዳዳለን» ይላል። እውነት ነው አለን። ግን ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል። ጎተራዋ ባዶ የሆነች ሴት ምን አቅርባ ነው ደቦ የምትጠራው? ወንፈል ደግሞ ጉልበት በጉልበት ነው፣ ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እመልስልሃለሁ ነው። የሚመልሰው ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ወንፈል ውስጥ አይገባም። ዕድርም ቢሆን መዋጮ አለው። በጣም የደኸየ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው ከእነዚህ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ከኮሚቴውም ከስብሰባውም የሚጠፋው። የባህል መረዳዳታችንን እወደዋለሁ፣ ግን የመጨረሻውን ድሃ ይይዛል ብዬ አልዋሽም።

አሁን ወደ ሴፍቲኔት እንምጣ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ እርዳታ ይለመን ነበር፣ እህሉም ብዙ ጊዜ ሰው ከብቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ይህን ለመቀየር ነው የመጣው፦ በየዓመቱ የሚራበው ሰው አስቀድሞ ታውቆ፣ በቋሚነት፣ ለተወሰኑ ወራት እህል ወይም ብር ያግኝ። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራል፣ የማይችል በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ማን ይግባ የሚለውን የሚለየው ደግሞ ነዋሪው ነው። መስፈርቱ ባጭሩ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ቢያንስ ሦስት ወር ያህል የምግብ ክፍተት የነበረበት ቤት የሚል ነው።

ወረቀቱ ላይ ግሩም ነው። ሥራው ላይ ግን ነዋሪው የማይወስነው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ኮታ። ወረዳው ለቀበሌው ይህን ያህል ሰው ይላል፣ ቀበሌው ለጎጡ ያካፍላል። ሁለት መቶ የተራበ ሰው ላለበት ጎጥ የመቶ ሃያ ኮታ ከመጣ መራጩ ኮሚቴ ምን ያድርግ? ወይ ሰማንያውን ይቆርጣል፣ ወይ የእያንዳንዱን ቤት ቁጥር ያሳንሳል፣ ስድስት ቤተሰብ ያለውን ሦስት ብሎ ይመዘግባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሄ ሁለተኛው በየቦታው ተደርጓል። ሰው ተስማምቶ ነው ያደረገው፣ ማንም ከማንም አይበልጥም ብሎ። ኋላ ላይ ሙሉ ቤተሰብ ይመዝገብ የሚል ሕግ መጣ። ለሚመዘገበው ጥሩ ነው። ግን ያኔ የመቁረጡ ጣጣ መጣ፣ እና የሚቆረጠው ማን ነው?

የሚቆረጠው በዕለቱ ያልነበረ ነው። አዲስ የተጋቡ ናቸው፣ ገና በአባታቸው ቤት ቁጥር ስለሚታሰቡ። ሁለት ሚስት ባለበት አካባቢ ሁለተኛዋ ሚስት ናት፣ ባልየው አንድ ቤት ተብሎ ስለሚመዘገብ። ከሌላ አካባቢ መጥቶ የሰፈረ ነው። ተፈናቃይ ነው፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ስንት ሰው ከቀዬው እንደተፈናቀለ እናውቃለን። ደግሞ ከሊቀመንበሩ ጋር የተጣላ ሰው አለ፣ እሱንም እንዳንረሳ።

ልክ እንሁን እንጂ፣ ይሄን ሁሉ ስል የተረጂዎቹ ምርጫ ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ነው ማለቴ አይደለም። በደጋው አካባቢ ፕሮግራሙ በአብዛኛው ድሃውን እንዳገኘ ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል የሚለው ግምትም እዚያ ሠርቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ያ «በአብዛኛው» የሚለው ቃል ውስጥ የማይገቡት ናቸው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚቀሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

የሥራውን ሒሳብም እንየው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ብር፣ ለዚያ ደግሞ በወር አምስት ቀን ሥራ። አምስት ሰው ያለበት ቤት 75 ኪሎ ያገኛል፣ 25 ቀን ይሠራል። ባል፣ ሚስትና የደረሰ ልጅ ካሉ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ቀላል ነው። እናት ብቻዋን ከአራት ትንንሽ ልጆች ጋር ከሆነች ግን 25ቱም ቀን የእሷ ነበር። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨቱ፣ ምግቡ ሳይቆጠር። እንግዲህ ቤተሰቡ ይበልጥ የተቸገረ በሆነ ቁጥር ሥራው የሚከብደው በዚህ መንገድ ነው። ይሄ ታይቶ መመሪያው ተሻሻለ፦ አንድ ሰው የሚሠራው ቀን ጣሪያ ተበጀለት፣ ሴቶች አርፍደው ገብተው ቀድመው እንዲወጡ ተፈቀደ፣ እርጉዝ ሴትም ከሥራው ወጥታ ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትቆይ ተደረገ። ሥራ ቦታው ላይ የሕፃናት ማቆያ ይኑር የሚልም አለ።

እነዚህ ማሻሻያዎች ትልቅ ናቸው፣ በቢሮ ቋንቋ ስለሚጻፉ ነው የማይታዩት። ግን እያንዳንዳቸው መሬት ላይ ሲደርሱ የሚፈርሱበት ቀዳዳ አላቸው። ለምሳሌ አርፍደሽ ግቢ ተባለች፣ እሺ። ሥራው ግን በሰዓት ሳይሆን በሜትር ከተለካ፣ የቡድን መሪው የሰጣትን እርከን ሳትጨርስ ወዴት ትሄዳለች? አርፍዳ ገብታ አምሽታ ትወጣለች። ስለዚህ «ሴቶች ቀድመው ይወጣሉ» ከሚለው ሕግ ይልቅ የመለኪያው ገመድ ስንት ሜትር ነው የሚለው ይበልጥ ይወስናል።

ስብሰባ ላይ ሴቶች ይኑሩ የሚለውም እንዲሁ ነው። የኮሚቴ አባል ይሆናሉ፣ ብዙ ቦታ የውኃ ኮሚቴ ላይ ገንዘብ ያዥ ይሆናሉ፣ ይታመናሉ ስለሚባል። ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው። ስብሰባው የሚጠራው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፣ ልክ ሴቷ ቤት ገብታ ምሳ በምታቀርብበት ሰዓት። መቀመጫ የሚይዘው ቀድሞ የደረሰው ነው፣ ዘግይታ የመጣችው ዳር ቆማ ትሰማለች፣ መናገር ብትፈልግ ከዳር መጮህ አለባት። የጨዋ ልጅ ደግሞ አትጮህም ተብላ ነው ያደገችው።

ቦታ መስጠት ብቻ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ሰው ከሕንድ የመጣ ጥሩ ማስረጃ አለ። በፈረንጆች 1993 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የመንደር ምክር ቤት ሊቀመንበርነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን አደረጉ። የትኛው መንደር ሴት ይመራው የሚለውን ዕጣ በሚመስል ተራ ነበር የሚወስኑት፣ ስለዚህ ማወዳደር ተቻለ። በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ሴት የመራቻቸው መንደሮች ለመጠጥ ውኃ ሥራ የበለጠ ገንዘብ አውለዋል። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ብዙም አይደንቅም። ልዩነቱን ያመጣው ግን ወንበሩ የውሳኔ ወንበር መሆኑ ነው።

አሁን ሰው በአደባባይ ማውራት ወደማይወደው ነገር ልግባ፣ ዘርና ሙያ ላይ የተጣበቀው ንቀት። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው በየአካባቢው የተለያየ ስም ወጥቶለት ተገልሎ ኖሯል። ከፋ ውስጥ ማንጆዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ፣ ቤት እንዳይገቡ ሲደረጉ ኖረዋል። ጣና ዳር ያሉት፣ በደንገል ታንኳቸው የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ደግሞ ከእርሻ መሬቱም ከጉርብትናውም ዳር ነው የተገፉት። እንግዲህ «ማኅበረሰቡ ድሃውን ይለይ» ሲባል ይሄንኑ ማኅበረሰብ ነው የምናወራው። አብሮ ቡና የማይጠጣው ሰው አብሮት ስብሰባ ቢቀመጥም አይሰማውም። የራሳቸው የተለየ ስብሰባ፣ የራሳቸው ተወካይ ካልተደረገ በቀር አንድ ላይ ሰብስቦ «ሁላችሁም ተናገሩ» ማለት ለይስሙላ ነው። አንዳንዱ ለብቻ መሰብሰብ መከፋፈል ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም፣ ክፍፍሉ ከስብሰባው በፊት ነበር።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ ደግሞ። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ይሰጠው ብሎ ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን ምዝገባው በአባወራ ሆነና ሚስት ስሟ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር ትግራይ በ1990 ዓ.ም ገደማ ቀደመች፣ መጀመሪያ ላይ በቤቱ ኃላፊ ስም ነበር፣ ኃላፊው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባል ነው። አማራ ክልል ትንሽ ቆይቶ ሲጀምር ደብተሩን በባልና ሚስት ስም አደረገው፣ የሁለቱንም ፎቶ ለጠፈበት። በቃ፣ ፎቶ። ፍቺ ሲመጣ ግን «ይቺ ማናት?» ማለት አይቻልም፣ ፊቷ ደብተሩ ላይ አለ። የፆታ እኩልነት ስልጠና ለስንት ዓመት ሊያመጣ የሚሞክረውን ነገር አንድ ጉርድ ፎቶ ገፋ አደረገው። አሁንም ሁለተኛ ሚስት ላይ ችግር አለ፣ አሁንም ደብተሩን ባል ቆልፎ ይይዘዋል፣ ግን መነሻው ተቀይሯል።

በተቃራኒው አንዱ ትልቅ አሠራራችን ልዩነት የሚያሰፋ ነው፣ ሞዴል አርሶ አደር። አዲስ ዘር መጀመሪያ ለማን ይሰጣል? ለሞዴሉ። ስልጠናው? ለሞዴሉ። ጎብኚ ሲመጣ የሚጎበኘው? እሱው። ሐሳቡ ሌሎቹ ከሱ አይተው ይማራሉ ነው፣ የተማሩም አሉ። ግን ሞዴል ለመሆን መጀመሪያ መሬት፣ በሬና ለማዳበሪያ የሚሆን ብር ያስፈልጋል። የሌለው ሰው አይቶ የሚማረው ነገር እንደማይችለው ነው። የግብርና ባለሙያውን አልወቅስም፣ እሱም ሪፖርት የሚጽፍበት ውጤት ያስፈልገዋል፣ ውጤት ደግሞ ሀብታሙ ማሳ ላይ ቶሎ ይታያል።

እሺ፣ ያልተካተተ ሰው ወዴት ይሂድ? ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ሴፍቲኔት ሲጀመር ቅሬታውን የሚሰማው ራሱ መራጩ አካል ነበር፣ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚወጣ መገመት ነው። ኋላ ኮሚቴው ተለየ። ስም ዝርዝሩም በሕዝብ ፊት ይነበብ፣ ይለጠፍ ተባለ። ጥሩ። የተለጠፈውን ማንበብ የማይችል ሰው ግን የተነበበ ዕለት ካልነበረ ስሙ መውጣቱንም አያውቅም፣ ስለዚህ በገበያ ቀን ጮክ ብሎ የሚነበብበት ቦታ የተሻለ ይሠራል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ብር የምታሰባስቡ ብዙዎች ናችሁ፣ ለቧንቧ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላ። የምርቃቱን ቪዲዮ ከማየታችሁ በፊት ኮሚቴውን ጥቂት ነገር ጠይቁ። መዋጮው በቤት ነው ወይስ በአቅም? መክፈል ያቃተው ምን ይደረጋል? ቧንቧው የት እንዲቆም ሲወሰን ስብሰባው ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ ደግሞ ከቧንቧው የማይቀዱ ቤቶች ስንት እንደሆኑና ለምን እንደማይቀዱ ይጻፍላችሁ። አናውቅም ካሉ ዞረው ይጠይቁ፣ አንድ ጎጥ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው።